ጨው መብራት አላበራም፣ ጠመኔ አልሟሟም፤ ታዲያ ደብተርሽ ዋሸ?

ጥያቄው ከቢቸና ነው፤ ከአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ቲቸር፣ አዮናዊ ውህዶች ጠንካራ ናቸው፣ መቅለጫቸው ከፍተኛ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ኮረንት ያስተላልፋሉ ብለን ጽፈናል። እኔ ግን ቤት ሞከርኩት። ደረቅ ጨው ውስጥ ሁለት ሽቦ ሰክቼ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ባገናኘው አምፖሉ ጭራሽ አልበራም። ውሃ ውስጥ አሟሙቼውም ያው ነው። ጠመኔም አዮናዊ ነው ተብለናል፤ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ አልሟሟም። ፈተና ላይ ደግሞ የማግኒዥየም ኦክሳይድን ፎርሙላ ማግኒዥየም 2 ኦክስጅን 2 ብዬ ኤክስ ተደረገብኝ። ቻርጁ እኮ እኩል ነው! ፎርሙላዎቹን ዝም ብዬ ልሸምድዳቸው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

አትሸምድጂ። ደብተርሽም አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። የጻፋችኋቸው አራት ነጥቦች ላይ «መቼ?» እና «ምን ያህል?» የሚሉት ጥያቄዎች ቀርተዋል። አንቺ ቤትሽ ሞክረሽ ያገኘሻቸው እነሱን ነው። ከመጀመሬ በፊት፣ ምልክቶቹን እዚህ በስማቸው ነው የምጽፋቸው፤ ደብተርሽ ላይ በምልክት ገልብጫቸው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከምልክቱ ግርጌ በትንሹ የሚጻፈው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ከጭንቅላትሽ እናውጣ። ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም የምግብ ጨው፣ ሲባል ለብዙ ተማሪ አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን እንደ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ነው የሚታዩት። ሰሌዳ ላይ የሚሣለውም ያሳስታል፤ ሁለት ክብ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አንዲት ቀስት፣ በቃ። አሁን የዳማ ገበታ አስቢ። ነጩ ቤት የሶዲየም አዮን ነው፤ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ፖዘቲቭ ቻርጅ የያዘ ሶዲየም ማለት ነው። ጥቁሩ የክሎራይድ ነው፤ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ኔጌቲቭ የሆነ ክሎሪን። መሃል ካሉት አንዱን ነጭ ብትይዢ በአራት ጎኑ ጥቁር አለ። በዚያ ላይ ሌላ ገበታ ደርቢበት፣ ከሥርም ሌላ አስገቢ፣ ነጩ ከላይም ከታችም ጥቁር እንዲገጥመው አድርገሽ። ስድስት ጎረቤት ሆነለት። እያንዳንዱ ክሎራይድም እንዲሁ በስድስት ሶዲየም ተከቧል። ታዲያ የትኛው ሶዲየም የየትኛው ክሎራይድ ነው? መልስ የለውም፤ የሁሉም የሁሉም ነው። ጨው ውስጥ ሞለኪውል የሚባል ነገር የለም። ፎርሙላው የሚነግርሽ ጥንድ ሳይሆን ምጣኔ ነው፤ ለአንድ ሶዲየም አንድ ክሎራይድ።

ኤክሱም የመጣው ከዚህ ነው። ማግኒዥየም 2 ኦክስጅን 2 ስትጽፊ ቻርጁን በትክክል አመጣጥነሻል፤ እሱ ላይ ትክክል ነሽ። ግን ምጣኔው 2 ለ 2 ከሆነ 1 ለ 1 ነው። በመክተፊያው ላይ ያለውን ሽንኩርትና ቲማቲም «እኩል እኩል» ትያለሽ እንጂ «አርባ ለአርባ» አትዪም። አዮናዊ ፎርሙላ የሚጻፈው በትንሹ ሙሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ ማግኒዥየም አንድ ኦክስጅን አንድ፤ አንዱ ደግሞ አይጻፍም። አስተማሪሽ ግማሽ ማርክ ቢሰጡሽ አልቃወምም ነበር። ኤክስ ማድረጋቸው ግን ስህተት አይደለም።

ኤሌክትሮኑ ከሶዲየም ወደ ክሎሪን መሄዱን ስለምታሳየው ስለዚያች ቀስት አንድ ነገር ልጨምር። «ሶዲየም ኤሌክትሮኑን መስጠት ይፈልጋል» ሲባል ትሰሚያለሽ። አይፈልግም። ለየብቻ ከቆሙ አቶሞች ከተነሳን፣ ከአንድ ሞል (የተወሰነ የአቶም ብዛት) ሶዲየም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ገደማ ይወጣል። ክሎሪን ሲቀበል የሚመልሰው 349 ነው። ንግዱ ኪሳራ ነው፣ 147 ጎድሏል። ኪሳራውን የሚከፍለው አዮኖቹ ተሰባስበው ያን የዳማ ገበታ ሲሠሩ የሚለቀቀው ጉልበት ነው፤ 787 ኪሎጁል አካባቢ። ይሄን 9ኛ ክፍል ላይ አይጠይቁሽም። ግን ያወቀ ሰው ጨው ለምን አልቀልጥም እንደሚል ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ያን ያህል ከፍሎ የገባበትን ቤት በቀላሉ አይለቅማ።

ወደ ፎርሙላው ልመለስ። መሸምደድ ያለብሽ ፎርሙላ ሳይሆን የአዮኖቹ ቻርጅ ነው። ከሃያ ብዙም አይበልጡም። ፖዘቲቭ አንድ፦ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ብር፣ አሞኒየም። ፖዘቲቭ ሁለት፦ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ባሪየም፣ ዚንክ። ፖዘቲቭ ሦስት አሉሚኒየም ነው። ብረት ሁለትም ሦስትም ይሆናል፣ መዳብ አንድም ሁለትም፤ የትኛው እንደሆነ ስሙ ውስጥ በቅንፍ ይነገርሻል። ኔጌቲቭ አንድ፦ ክሎራይድ፣ ብሮማይድ፣ አዮዳይድ፣ ሃይድሮክሳይድ፣ ናይትሬት፣ ሃይድሮጅን ካርቦኔት። ኔጌቲቭ ሁለት፦ ኦክሳይድ፣ ሰልፋይድ፣ ሰልፌት፣ ካርቦኔት። ኔጌቲቭ ሦስት፦ ፎስፌትና ናይትራይድ። አለቀ። ከእነዚህ ከመቶ በላይ ፎርሙላ ይወጣል። መቶውን የሚሸመድድና ሃያውን የሚያውቅ ተማሪ ፈተና ላይ ሲቀመጡ ልዩነታቸው ወዲያው ይታያል፤ አንዱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ ሌላው ይሠራል።

የተቀረው ሂሳብ ማወራረድ ነው፤ ድምሩ ዜሮ መምጣት አለበት። እዚያው አገርሽ ያለ ነገር ልስጥሽ። የጎጃም ደጋ ብዙ ቦታው አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው። ግን «ኖራ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም፣ ሦስት ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ገደሉ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ማሳ ላይም በብዛት የሚበተነው እሱው ተፈጭቶ ነው። ካልሲየም ፖዘቲቭ ሁለት፣ ካርቦኔት ኔጌቲቭ ሁለት፣ ስለዚህ አንድ ለአንድ። ድንጋዩን ወደ 900 ዲግሪ አካባቢ ብታቃጥይው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፤ ይሄም ሁለት ለሁለት ነው፣ አሁንም አንድ ለአንድ። በዚያ ላይ ውሃ ሲጨመርበት እየፈላ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሃይድሮክሳይድ ኔጌቲቭ አንድ ብቻ ስለሆነ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት አንድ አዮን ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ በቅንፍ ታስሪያቸውና 2ቱን ከቅንፉ ውጭ ትጽፊያለሽ። ቅንፉን ከረሳሽ 2ቱ ለሃይድሮጅኑ ብቻ ይሆናል፤ ኦክስጅንሽ አንድ ብቻ ይቀራል፣ ሂሳቡም ይበላሻል። ፈተና ሳርም በጣም የሰለቸኝ ስህተት ይሄ የቅንፍ ነገር ነው። በነገራችን ላይ የተቃጠለ ኖራ ካገኘሽ በእርጥብ እጅ አትንኪው፣ ዓይንሽ አጠገብም አታድርሺው። ሥጋ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል።

ከበድ ያለ ደግሞ አሉሚኒየም ሰልፌት። ሦስትና ሁለት። የሁለቱ ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ነው። ፖዘቲቩ 6 እንዲሞላ 2 አሉሚኒየም፣ ኔጌቲቩ 6 እንዲሞላ 3 ሰልፌት፣ ሰልፌቱ በቅንፍ። ክፍል ውስጥ «ቁጥሮቹን አሻግሪ» የሚሏችሁ አቋራጭ ያው እዚህ ነው የሚያደርስሽ። አቋራጩን አልጠላም፤ ግን ገደብ አለው። አንደኛ፣ ካሻገርሽ በኋላ ማቃለል አለብሽ፤ የአንቺ ኤክስ ምንጩ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሌም አይቃለልም። ሶዲየም ፐርኦክሳይድ ሶዲየም 2 ኦክስጅን 2 ነው፣ እንደዚያው ይቀራል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ኦክስጅኖች ተያይዘው አንድ አዮን ናቸው፣ አዮን ደግሞ ለሁለት አይሰነጠቅም። ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ አይሠራም። ብረት አንድ ኦክስጅን አንድ የሚል ፎርሙላ አይተሽ «ብረቱ ፖዘቲቭ አንድ ነው» ካልሽ ተሳሳትሽ። ኦክሳይድ ኔጌቲቭ ሁለት ስለሆነ ብረቱም ፖዘቲቭ ሁለት ነው። ከምታውቂው አዮን ተነሺ።

አሁን ወደ ጸባያቸው። ሁሉንም ከዳማ ገበታው ታወጪያቸዋለሽ።

መቅለጥ ማለት ያ ገበታ ፈርሶ አዮኖቹ እንደልባቸው መንሸራተት መጀመራቸው ነው። ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ስኳር 186 አካባቢ ይበቃዋል፤ ስኳር ሞለኪውል ስለሆነ መላቀቅ ያለበት ሞለኪውል ከሞለኪውል ነው፣ እሱ ደግሞ ቀላል ነው። ከሰል ላይ ማንኪያ አስቀምጠሽ ስኳሩ ቀልጦ ሲጠቁር ጨዉ ንክች አይልም። እሳት ላይ ሲንጣጣ ያየሽው ግን እየቀለጠ አይደለም፤ ክሪስታሉ ውስጥ የታፈነ ውሃ እየፈላ እየሰነጠቀው ነው። ስለዚህ ፊትሽን አታስጠጊ። ጨው አቅልጬ ኮረንት ልሞክር ብለሽም አታስቢ፤ የ800 ዲግሪ ፈሳሽ የቤት ጨዋታ አይደለም። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ደግሞ 2850 ገደማ ይፈልጋል፤ ብረት ራሱ 1538 ላይ ይቀልጣል። ለዚህ ነው የብረት ማቅለጫ ምድጃ ውስጡ በእሱ ጡብ የሚለበጠው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጨው ውስጥ አንድና አንድ ነው የሚሳሳበው፣ እዚህ ሁለትና ሁለት። ሁለት በሁለት አራት፤ ስበቱ አራት እጥፍ ነው፣ አዮኖቹም ስለሚያንሱ ይቀራረባሉ። «መቅለጫቸው ከፍተኛ ነው» ከማለት «ቻርጁ ሲጨምር መቅለጫውም ይጨምራል» ማለት ይሻላል።

«ጠንካራ» የሚለውን ቃል አልወደውም። ጂፕሰምን፣ ማለትም ውሃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌትን፣ በጥፍርሽ ትጭሪዋለሽ፤ እሱም አዮናዊ ነው። ትክክለኛው ቃል «ተሰባሪ» ነው። የአሞሌ ጨው ታሪክ አያቶችሽ ጋ አይጠፋም። ከአፋር ምድር ተቆርጦ በጭነት ተጉዞ ጎጃም ይገባ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለው በባሶ ገበያ እንደ ገንዘብ ነው የሚመነዘረው። የነጋዴው ጭንቀት ታዲያ ሌባ ብቻ አልነበረም፤ መሰበሩም ነው። የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። ብረት ቢመቱት ይጣመማል፣ አሞሌ ለምን ይሰበራል? ገበታሽን አንድ ረድፍ ብቻ ወደ ጎን ግፊው። ነጩ ከጥቁር ትይዩ የነበረው አሁን ነጭ ከነጭ ተፋጠጠ፣ ጥቁር ከጥቁር። ተመሳሳይ ቻርጅ ይገፋፋል፤ ስንጥቅ አለ። ተረቱ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል። እንደ ኬሚስትሪ ሰው ካየነው ግን ሲጣፍጥም ድንጋይ ነው።

ጠመኔሽ ያልሟሟው በዚህ ነው። ውሃ አዮናዊ ነገር የሚያሟሟው አዮኖቹን እየከበበ ከገበታው ነቅሎ በመውሰድ ነው። ጉተታ ነው እንግዲህ፤ በአንድ በኩል ውሃው፣ በሌላ በኩል ጎረቤት አዮኖች። ጨው ላይ ውሃው ያሸንፋል፤ 100 ሚሊሊትር ውሃ 36 ግራም ገደማ ይበላል። ጠመኔ ላይ ይሸነፋል። ጠመኔ የሚሠራው ከጂፕሰም ወይም ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ጂፕሰም ከሆነ በዚያው ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 0.2 ግራም አካባቢ ብቻ ነው፣ ካርቦኔት ከሆነ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያንቺ ጠመኔ «አልሟሟም» ከምትይ «በዓይን እስኪታይ አልሟሟም» በይ። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ፍቅፋቂው ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው። ባይሟሟ አዮናዊ አይደለም ማለት አይደለም፤ ቢሟሟ ደግሞ አዮናዊ ነው ማለት አይደለም። ስኳር ይሟሟል። ዩሪያም ማዳበሪያው እንደ ጨው ነጭ ነው፣ ውሃ ውስጥም በደንብ ይሟሟል፣ ግን ሞለኪውል ነው፤ 133 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። በተቃራኒው ዳፕ የሚሉት ማዳበሪያ አንድም ብረታ ብረት የለበትም፣ ግን አዮናዊ ነው፤ አሞኒየም የብረታ ብረቱን ቦታ ይዟል። «አዮናዊ ማለት ብረታ ብረትና ኢብረት ነው» የሚለው ትርጉም በሁለቱም በኩል ይፈስሳል። ውሃ ያልነካው አሉሚኒየም ክሎራይድ ብረታ ብረትም ኢብረትም አለው፣ ግን ወደ 180 ዲግሪ ሲደርስ ሳይቀልጥ ተንኖ ይሄዳል፣ ጸባዩ የሞለኪውል ነው። አንቺ ለፈተናው ሕጉን ያዢ፣ ግን ሕግ እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም።

የመጨረሻው ኮረንት ነው፣ ብዙ የለፋሽበትም እሱ ነው። ኮረንት እንዲያልፍ ቻርጅ ያለው ነገር መንቀሳቀስ አለበት። ደረቅ ጨው ውስጥ ቻርጅ ሞልቷል፣ ግን ሁሉም ቦታው ላይ ተቸንክሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራሽ ትክክለኛ ውጤት ነው የሰጠሽ! ሲቀልጥ ወይም ሲሟሟ ነው አዮኖቹ የሚፈቱት። ተሸካሚዎቹም እንደ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሳይሆኑ አዮኖቹ ራሳቸው ናቸው።

ታዲያ ጨው ውሃው ለምን እምቢ አለሽ? ጥፋቱ የአምፖሉ ይመስለኛል። ባለ ክሩ የባትሪ አምፖል ብዙ ኮረንት ይፈልጋል፣ የጨው ውሃ የሚያሳልፈው ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ትንሽ ኤልኢዲ ፈልጊ፤ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ ማውጣት ይቻላል። ሦስት የባትሪ ድንጋይ ተከታትለው 4.5 ቮልት ይሰጡሻል። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ፖዘቲቭ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሪ፣ ጫፎቹን አቀራርቢ ግን አታነካኪ፤ ከተነካኩ ኤልኢዲው ይቃጠላል። መጀመሪያ ግን በስኳር ውሃ ሞክሪው። ያን ሳታደርጊ «ጨው ነው ያበራው» ማለት አትችይም።

አረፋ ታያለሽ። በኔጌቲቭ በኩል ሃይድሮጅን ነው። በፖዘቲቭ በኩል ጫፉ የእርሳስ ግራፋይት ከሆነ ክሎሪን ይወጣል፣ በረኪና በረኪና ይሸታል። መስኮት ክፈቺ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ አታቆዪው፣ ውሃውንም ድፊው። ሽቦሽ መዳብ ከሆነ ደግሞ እየተበላ ውሃውን ያቀልመዋል፤ አትደንግጪ። የግድግዳ ሶኬት ግን በፍጹም! 220 ቮልትና ጨው ውሃ አንድ ላይ ሰው ይገድላሉ። ታናሽ ወንድም ካለሽም ሲያይሽ ተጠንቀቂ፤ አንቺ ባትሪ ያልሽውን እሱ ነገ ሶኬት ላይ ይሞክረዋል።

እንግዲህ የማዝሽ ይሄ ነው። ሃያዎቹን አዮኖች በቁራጭ ወረቀት ላይ ከነቻርጃቸው ጻፊና ለሁለት ሳምንት ኪስሽ ውስጥ ያዢያቸው። በየቀኑ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጌቲቭ አውጪ፣ ፎርሙላውን ሥሪ፣ ቻርጁ ዜሮ መምጣቱን ደምረሽ አረጋግጪ። ደብተርሽ ላይ ያሉትንም አራት ነጥቦች አርሚያቸው፦ «ኮረንት ያስተላልፋሉ» የሚለው ሥር «ሲቀልጡ ወይም ሲሟሟ፤ ጠጣር ሳሉ አይደለም»፣ «ይሟሟሉ» የሚለው ሥር «ብዙዎቹ»፣ «ጠንካራ» የሚለው ሥር «ተሰባሪ»፣ መቅለጫው ጋ ደግሞ ቻርጁን። ፈተና ላይ ምርጫ ሲያወጡ ማጥመጃው ሁልጊዜ እዚያችው የተዘለለች ቃል ላይ ነው።

ለዛሬ ማታ ሦስት ልስጥሽ፦ ካልሲየም ፎስፌት፣ አሞኒየም ካርቦኔት፣ ብረት (ሦስት) ኦክሳይድ፤ በቅንፉ ያለው የብረቱ ቻርጅ ነው። ሳታዪ ከሠራሽ በኋላ አስተያዪ። የመጀመሪያው ካልሲየም 3 ፎስፌት 2 ነው፣ ፎስፌቱ በቅንፍ። ሁለተኛው አሞኒየም 2 ካርቦኔት 1፤ ቅንፉ አሞኒየሙ ላይ ነው፣ ካርቦኔቱ ላይ ካደረግሽው ይሄንን ገጽ እንደገና አንብቢ። ሦስተኛው ብረት 2 ኦክስጅን 3 ነው። ቀዩን አፈር ያቀላውም እሱ ነው፤ ጫማሽን ገልብጠሽ እዪው።